በመለኪያው ጀርባ የተጻፈው

በቤቴ መደርደሪያ ላይ ካሉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ዕቃዎች መካከል መጀመሪያ የገባው ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ፣ ባክላይት ከሚባለው የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ ጥቁር ሣጥን ነው። በፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎችና አንዲት የሞርስ መምቻ ቁልፍ አሉበት፤ አብራሪው አንደኛውን ማብሪያ ከአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ለተተከለው መብራት፣ ሁለተኛውን ከሆዱ ሥር ላለው መብራት ይጠቀምበትና ቁልፏን በጣቱ እየመታ ለወገኖቹ ማንነቱን ያስታውቅ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዝናብ በሚያፈስ አንድ አሮጌ ሃንጋር ውስጥ ስገዛው አዛውንቱ ሻጭ «ይህ ከስፒትፋየር የወጣ ነው» አሉኝ፤ ከዝነኛው የእንግሊዞች ተዋጊ አውሮፕላን ማለታቸው ነው። አመንኋቸው፤ ወደ ቤቴ ስመለስም በባቡሩ ውስጥ ከቦርሳዬ እያወጣሁ ደጋግሜ አየሁት።

ማታ ሣጥኑን ገልብጬ ስመለከት 5ሲ/372 የሚል ቁጥር አገኘሁ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ካወቅሁ በኋላ ግን አዛውንቱ የነገሩኝ ነገር ውሸት ነው ለማለትም፣ እውነት ነው ለማለትም እንደማይቻል ተረዳሁ። ሣጥኑ በስፒትፋየር ውስጥ ይገጠም ነበር፤ ነገር ግን ሀሪኬን በሚባለው ሌላ ተዋጊም፣ ሰባት ሰው ይዞ በሌሊት በሚበረው በላንካስተር ቦምብ ጣይም ይገጠም ነበር። የእኔው ከየትኛው እንደወጣ፣ ወይም ጭራሹን ተገጥሞ ሳያውቅ ከመጋዘን መጋዘን ሲዞር ጦርነቱ አልቆ እንደሆነ ከዕቃው ላይ የሚነበብ አንዳች ነገር የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ሥራ የምከተለው ልማድ አንድ ነው፤ ዕቃው ራሱ እስከሚያደርሰኝ ድረስ ብቻ እሄዳለሁ፣ ከዚያ አልፌ አልሄድም።

ያደግሁት መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በርሜል ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ጫማ፣ የተጣለ ቆርቆሮ መጥበሻ ሲሆን እያየ ላደገ ሰው በወዳደቀ ብረት ውስጥ ቁም ነገር መፈለግ እንግዳ ነገር አይደለም። አጎቴ የመኪና መለዋወጫ ይነግዱ ስለነበር ዕቃ ሲቀርብላቸው የሻጩን ወሬ ከመስማታቸው በፊት ገልብጠው ቁጥሩን ያዩ ነበር፤ «ሻጭ ይምላል፣ ብረት አይምልም» ይሉም ነበር። እዚህ ያሉ ወዳጆቼ ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዬ ከሰሙ ወዲህ «ቁራሌው» ይሉኛል። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ልዩነቱ እኔ ስገዛ እንጂ ስሸጥ አለመታየቴ ነው።

ይህን ያህል ዕቃ እስከ ዛሬ በገበያ ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ የሚል ሰው ቁጥሩን ማሰብ አለበት። ስፒትፋየር ብቻ 20,351 ተሠርቷል፤ ላንካስተር 7,377 ተሠርቷል። ለእያንዳንዱ ደግሞ በመጋዘን የሚቀመጥ መለዋወጫ ነበረ። ጦርነቱ ሲያበቃ አውሮፕላኖቹ ለቁርጥራጭ ተሸጡ፤ መለኪያዎቹ፣ ማብሪያዎቹና ሬዲዮኖቹ ግን ተነቅለው፣ ከመጋዘን የተረፉትም ተጨምረው፣ በርካሽ ለሕዝብ ቀረቡ። በለንደን ሶሆ ውስጥ የሚገኘው ላይል ስትሪት ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት እንዲህ ያለ የተረፈ የጦር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የተደረደሩበት መንገድ ነበር። ዕቃውን ለሬዲዮ መሥሪያ ገዝተው ያፈራረሱት ብዙዎች ናቸው፤ ሳይፈርስ ጋራዥ ጥግ ተቀምጦ የቆየው ነው ዛሬ ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ የሚወጣው። ወደ እኛ የሚደርሰው በአብዛኛው «ኤሮጃምብል» በሚባሉት ገበያዎች ነው፤ የአውሮፕላን ዕቃ በጠረጴዛና በመኪና ኮፈን ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥባቸው ቅዳሜ ገበያዎች ማለት ይቻላል። ኖቲንግሃምሺር በሚገኘው የኒዋርክ አየር ሙዚየም ደግሞ ኮክፒት፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥበትን የአውሮፕላን ክፍል፣ ብቻ የሰበሰቡ ሰዎች የሠሩትን በተጎታች ጭነው የሚያሳዩበት ዝግጅት አለ። ክንፍና ጅራት የሌለው የአውሮፕላን አፍንጫ በተጎታች ላይ ተጭኖ በአውራ ጎዳና ሲሄድ ያየ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዐይኑን መጠራጠሩ አይቀርም።

ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ ሁሉ በክፍል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥርና ፊደል ሰጥቶት ነበር። ከኮክፒት የወጣ ዕቃ በብዛት የሚሸከመው 6ኤ የሚለውን ነው፤ ይህም የበረራ መለኪያዎችንና ኮምፓሶችን የሚያጠቃልል ክፍል ነው። 6ዲ የኦክስጅን መሣሪያ ነው፤ 5ሲ እንደ ሣጥኔ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ በ10 የሚጀምረው የሬዲዮ ነው። ከክፍሉ ቀጥሎ ከጭረቱ ወዲያ ያለው ቁጥር የዕቃውን ዓይነት ይለያል፤ ስለዚህ ሁለት መለኪያዎች ፊታቸው አንድ መስሎ ቁጥራቸው ቢለያይ፣ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ከቁጥሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ የአየር ሚኒስቴሩ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ኤ እና ኤም፣ ከላያቸው ዘውድ ተደፍቶባቸው ይታያሉ።

ዘውዱን በቸልታ ማለፍ አይገባም። በንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛው ዘመን፣ ማለትም በጦርነቱ ዓመታት፣ የሚታተመው ዘውድ ቅስቶቹ ወደ ላይ ተቆልምመው እንደ ጉልላት የሚገጥሙ ነበሩ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በእ.ኤ.አ. 1952 ከነገሡ በኋላ የመጣው ዘውድ ግን ቅስቶቹ መካከል ላይ ጎድጎድ ይላሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሌላው የዘመን ምልክት የኔቶ ቁጥር ነው፤ በ6610 ወይም በ6605 የሚጀምርና ቀጥሎ 99 የሚል ያለበት ረጅም ቁጥር በታርጋው ላይ ከተገኘ፣ 6610 የበረራ መለኪያ፣ 6605 የአቅጣጫ መፈለጊያ፣ 99 ደግሞ የብሪታንያ መለያ ነው፤ ይህ አቆጣጠር የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ ታርጋው ቢያንስ በዚያን ጊዜ የተለጠፈ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ያጣሁት ገንዘብ አለ። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ነጋዴ «በእ.ኤ.አ. 1940 በብሪታንያ ሰማይ በተደረገው ውጊያ ላይ የነበረ የስፒትፋየር የፍጥነት መለኪያ» ብሎ የሸጠልኝን ዕቃ በ180 ፓውንድ ገዛሁ። መስታወቱ ንጹሕ፣ ጠቋሚው ቀጥ ያለ፣ ከሣጥን ጋር ነበር። ጥፋቱ ፊት ለፊት የተጻፈ ሆኖ ሳለ እኔ ግን አላየሁትም፤ ሰሌዳው የሚቆጥረው በኖት፣ ማለትም በሰዓት በባሕር ማይል ነበር። የንጉሣዊው አየር ኃይል ተዋጊዎች በጦርነቱ ጊዜ ፍጥነትን የሚያነቡት በሰዓት በማይል ነው፤ በኖት ይጠቀም የነበረው የባሕር ኃይሉ የአየር ክንፍ ነው፤ አየር ኃይሉ ወደ ኖት የተሻገረው ጦርነቱ ሲያበቃ ነው። ቤት ደርሼ ጀርባውን ሳየው ዘውዱ የንግሥቲቱ ሆኖ ተገኘ። ዕቃው ዛሬም አለኝ፤ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበርር መጫኛ አድርጌዋለሁ፣ ለመጫኛነቱ ግን ውድ ነው።

የመለኪያ ቋንቋ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለተኛው ምስክር ነው። እንግሊዞች ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለኩት የባሕር ጠለልን የአየር ግፊት ዜሮ ብለው፣ ከዚያ በላይና በታች በፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። አሜሪካኖች ጠቅላላ ግፊቱን በሜርኩሪ ኢንች ይቆጥራሉ፤ ጀርመኖች «አታ» በሚሉት የከባቢ አየር ግፊት ይቆጥራሉ። የእንግሊዙ ዜሮ ከአሜሪካው 30 ጋር ሊስተካከል ጥቂት ይጎድለዋል፣ ከጀርመኑ 1 በጥቂት ይበልጣል። የእንግሊዙ +18 ደግሞ ወደ 67 የሜርኩሪ ኢንች ወይም ወደ 2.3 አታ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ክብ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ አይቶ፣ ፊደል ሳያነቡ፣ የየትኛው አገር ሞተር እንደነበረ መናገር ይቻላል። ከዚህም አልፎ ዘመኑን ያጠባል። በስፒትፋየር ውስጥ የነበረው የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር በጦርነቱ መጀመሪያ +6¼ ድረስ ብቻ ይፈቀድለት ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 1940 የ100 ኦክቴን ቤንዚን ሲመጣ በችግር ጊዜ +12 ድረስ ተፈቀደ፤ በኋላ መርሊን 66 የተባለው +18፣ በእ.ኤ.አ. 1944 ደግሞ የ150 ደረጃ ነዳጅ ሲገኝ +25 ደረሰ። እንግዲህ አንድ ሰው ቁጥሩ +18 የማይደርስ መለኪያ ይዞ መርሊን 66 ካለው ስፒትፋየር ወጣ ቢል፣ አብራሪው ሞተሩን የሚቆጣጠርበት ሰሌዳ አልነበረውም ማለቱ ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጓቸው ስድስቱ ዋና መለኪያዎች ለዚህ ዓይነት ልየታ እምብዛም አይመቹም። የንጉሣዊው አየር ኃይል ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፍጥነት መለኪያን፣ የአድማስ ማሳያን፣ የመውጣትና የመውረድ መለኪያን ከላይ፣ የከፍታ መለኪያን፣ የአቅጣጫ ጋይሮንና የመዞሪያ ማሳያን ከታች አድርጎ በአንድ ሰሌዳ ላይ ደነገገ፤ ዓላማውም አብራሪው ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲዛወር ዐይኑ የለመደውን ነገር በለመደበት ቦታ እንዲያገኝ ነበር። ለአብራሪው ሕይወት የሆነው ይህ አንድ ወጥነት ለሰብሳቢው ጨለማ ነው። ያው የአድማስ ማሳያ በተዋጊውም በቦምብ ጣዩም ተቀምጧል። «የስፒትፋየር የአድማስ ማሳያ» ብሎ መሸጥ በእኛ አገር «የቮልስዋገን ሹፌር ሰዓት» ብሎ እንደመሸጥ ያህል ነው።

ይልቅ ዓይነቱን በእርግጥ የሚናገሩት ማንም የማይቋመጥላቸው ክፍሎች ናቸው፤ መያዣ ብረቶች፣ የመለኪያ ሰሌዳ ማቀፊያዎች፣ የዘንግ ማገናኛዎች። በእነዚህ ላይ የሚታተመው የመጋዘን ቁጥር ሳይሆን የፋብሪካው የንድፍ ቁጥር ነው። የስፒትፋየር ሠሪ የሆነው ሱፐርማሪን ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ቁጥር ስለነበረው ክፍሎቹም በዚያ ይጀምራሉ፤ 300 የመጀመሪያው ማርክ 1 ነው («ማርክ» የአውሮፕላኑ የማሻሻያ ተራ ነው)፣ 329 ማርክ 2 ነው፣ 361 ማርክ 9 ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ በ300 የሚጀምር ክፍል ሳይለወጥ እስከ ኋለኞቹ ዓይነቶች ድረስ መቀጠሉን አለመዘንጋት ነው፤ በ361 የጀመረ ግን ወደ ማርክ 1 ወደ ኋላ ሊሄድ አይችልም። በክብ ወይም በአራት ማዕዘን ትንሽ ማኅተም ውስጥ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ የሚሉ አራት ፊደላት ከተገኙ ደግሞ ተቆጣጣሪው ያተመው በርሚንግሃም አጠገብ በነበረው ግዙፉ የካስል ብሮምዊች ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ በአሥራ ሁለት ፓውንድ የገዛሁት፣ አራት ሪቬት ያለበት የታጠፈ ቁራጭ አሉሚኒየም ይህን ሁሉ ይናገራል፤ ሰው ሁሉ የሚጎመዥለት የአድማስ ማሳያዬ ግን ዝም ብሏል።

ብሎኖቹንም ማየት ልማድ ይሁን። የእንግሊዝ መለኪያዎች የሚታሰሩት «ቢ ኤ» በሚባለው የእንግሊዝ ጥርስ ልክ ነው፤ የጀርመኖቹ በሚሊሜትር ነው። ባለ መስቀል ራስ ብሎን በአሜሪካ አውሮፕላን ላይ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፣ በጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መለኪያ ላይ ቢገኝ ግን በኋላ የተከፈተ ነው። ለአሜሪካኖቹ ዕቃ ከሁሉ የሚቀለው በኤ ኤን የሚጀምረው የምድር ጦርና የባሕር ኃይል የጋራ ቁጥር ነው፤ 5735 የአቅጣጫ ጋይሮ፣ 5736 የአድማስ ማሳያ ነው። የጀርመኖቹ መለኪያዎች በኤፍ ኤል የሚጀምር ቁጥርና ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስም እንዳይታወቅ የተሰጠ የፊደላት ምስጢራዊ መለያ አላቸው። ቧንቧዎቻቸውና መለኪያዎቻቸው በቀለም ይለያሉ፤ ቢጫ ነዳጅ፣ ቡናማ ዘይት፣ ሰማያዊ ኦክስጅን፣ አረንጓዴ የማቀዝቀዣ ውሃ ነው። የጀርመን ዕቃ ብዙ ስለሌለኝ ከዚህ በላይ አልደፍርም።

በጣልያን ዕቃ ግን መርካቶ ያደገ ሰው ከእንግሊዛዊው ሰብሳቢ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያለ ያደገ ሰው በሰሌዳው ላይ ቤንዚና ወይም ኦሊዮ የሚል ሲያይ መዝገበ ቃላት አያሻውም። በእ.ኤ.አ. 1940ና 1941 በአገራችን ሰማይ ላይ የጣልያን ፊያት ሲ አር 42 ተዋጊዎች፣ ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ ማርኬቲ 79 ቦምብ ጣዮች ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይሎች ጋር ተዋግተዋል፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀርተዋል። የሚላኑ ሳልሞይራጊ ወይም የሮማው ኦቲኮ ሜካኒካ ኢታሊያና የሠሩትን መለኪያ ባየሁ ቁጥር ይህ በየትኛው ተራራ በላይ በርሮ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ እንዲህ ብሎ ማሰብ አይከለከልም፣ በወረቀት ላይ መጻፉ ነው የተከለከለው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ጣልያን ለኢትዮጵያ የመለሰቻት፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሠራት አውሮፕላን «ፀሐይ» ፎቶግራፏ ሲወጣ ሌላው ሰው ክንፏንና ቀለሟን ሲያይ፣ እኔ ፎቶውን አጉልቼ ወደ አብራሪው መቀመጫ ነበር የሄድሁት።

አሁን ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው ወደምፈልገው ጉዳይ እመጣለሁ፤ ጀማሪዎች የሚጎዱት በእርሱ ነውና። አብዛኞቹ የጦርነት ዘመን መለኪያዎች ቁጥራቸውና ጠቋሚያቸው በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ራዲየም ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር በተደባለቀበት ቀለም ነው። የራዲየሙ ጨረር ዚንክ ሰልፋይዱን እየመታ ያበራዋል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ዚንክ ሰልፋይዱ ተቃጥሎ አልቋል፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ በጨለማ አያበራም። ብዙ ሰው «መብራቱ ስለጠፋ ሞቷል» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው፤ ከተቀባ ጀምሮ እስከ ዛሬ የቀነሰው ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ያለቀው የሚያበራው እንጂ የሚያቃጥለው አይደለም።

መስታወቱ ያልተሰበረ፣ ያልተከፈተ መለኪያ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ የሚያደርሰው ጨረር አነስተኛ ነው። አደገኛው ቀለሙ ደርቆ ሲረግፍ የሚሆነው ዱቄት ነው፤ ራዲየም ከሰውነት ሲገባ እንደ ካልሲየም ወደ አጥንት ይሄዳልና። በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሰዓት ሰሌዳ ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ይደረጉ ስለነበር በመንጋጋና በአጥንት በሽታ ያለቁት በዚሁ ነው። ስለዚህ መለኪያ አልከፍትም፤ ቀለም አልፍቅም፤ መስታወቱ የተሰነጠቀውን በታሸገ የላስቲክ ከረጢት አድርጌ ነው የምይዘው፤ ከነካሁ በኋላ እጄን እታጠባለሁ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቡና አይፈላም፣ እንጀራ አይቀርብም። ራዲየም ሲበሰብስ ራዶን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ መደርደሪያዬ ያለው መኝታ ቤት ሳይሆን መስኮቱ በሚከፈት ክፍል ውስጥ ነው። ጨረር የሚለካውን ጋይገር ቆጣሪ ለመግዛት የወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ በዚህ ሥራ ካወጣሁት ሁሉ ተገቢው ነው። በስፒትፋየር አብራሪ ጉልበቶች መካከል ይቀመጥ የነበረው ፒ 8 ኮምፓስ በዚህ ቆጣሪ ፊት እንዴት እንደሚጮኽ የሰማ ሰው ያለ ምክር ይጠነቀቃል። ኮምፓሱ በአልኮል የተሞላ ስለሆነ ውስጡ አረፋ ካለ ፈሳሹ እየወጣ ነው፤ ለመሙላት መክፈት ግን የሰለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

ሳይከፍቱ መፈተን የሚቻል አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የፍጥነት መለኪያ የሚለካው ፊት ለፊት በሚመጣው አየርና በቆመው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፤ 100 ማይል በሰዓት ማለት 12 ሴንቲሜትር ተኩል የውሃ ከፍታ ያህል ግፊት ነው። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በፈረስ ጫማ ቅርጽ አጥፎ ውሃ ጨምሮ፣ አንዱን ጫፍ ከመለኪያው አፍ ጋር አገናኝቶ ውሃው በሁለቱ ክንድ መካከል 12 ሴንቲሜትር ተኩል እስኪለያይ ሌላውን ጫፍ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ጤነኛ መለኪያ 100 ያሳያል፤ ልዩነቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ሲሆን፣ 200 ያሳያል። በአፍ መንፋት አይገባም፤ የሰው ሳንባ ከዚህ እጅግ የበለጠ ስለሚገፋ በውስጡ ያለውን ስስ የብረት ፊኛ ያበላሻል። እኔ እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።

ስለ ሐሰተኛ ዕቃ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ክቡ የመሪ እጀታ ነው፤ በስፒትፋየርና በሀሪኬን ዘንግ ጫፍ ላይ የነበረው፣ የመተኮሻ ቁልፉ የታመቀ አየር ለቅቆ መሣሪያዎቹን የሚያስነሣው። ዋጋው በሺህ ፓውንዶች ስለሚቆጠር ዛሬም ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ይሸጣል። አዲስ ሠርቶ «አዲስ ነው» ብሎ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ችግሩ በአፈር ተቀብሮ፣ በአሲድ ታጥቦ፣ «ከጎተራ የተገኘ» ተብሎ ሲመጣ ነው። የሚያጋልጠው ፊዚክስ ነው። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ የሚሠራው እውነተኛውን እንደ ሻጋታ አስቀምጦ በመቅረጽ ስለሆነና አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ስለሚኮማተር፣ ቅጂው ከእናቱ በጥቂቱ ያንሳል። ካሊፐር የሚባለውን የልክ መለኪያ ይዞ የሄደ ሰው ያያል። የቁልፉንም ዓይነት ማየት ያሻል፤ ስምንት መትረየስ ብቻ የነበራቸው የመጀመሪያዎቹ አንድ ቁልፍ ይበቃቸው ነበር፣ መድፍ የተጨመረላቸው ግን መትረየሱን፣ መድፉን ወይም ሁለቱንም ለይቶ የሚተኩስ ቁልፍ ነበራቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር አጋብቶ የሚመጣ ብዙ ነው።

ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ዕቃ የተለየ ጉዳይ ነው፤ አንድ ክፍል ከአንድ ከታወቀ አውሮፕላን ጋር በእርግጥ ሊያያዝ የሚችለው በአብዛኛው እዚህ ብቻ ነው። የወደቀበት ቀን፣ የአውሮፕላኑ መለያ ቁጥር፣ የአብራሪው ስም ይታወቃል። ስሙ መታወቁ ግን ነገሩን ያከብደዋል። በብሪታንያ በእ.ኤ.አ. 1986 የወጣው የጦር ቅሪቶች ጥበቃ ሕግ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ ሳለ የወደቀን ማንኛውንም አውሮፕላን፣ የወገንም የጠላትም ቢሆን፣ ያለ መከላከያ ሚኒስቴሩ ፈቃድ መንካትን ይከለክላል፤ የሰው አስከሬን ወይም ፈንጂ ሊኖር ይችላል ተብሎ በሚታሰብበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አይሰጥም። በረግረግ ጭቃ ውስጥ አየር ሳያገኝ የተቀበረ አሉሚኒየም ቀለሙ ሳይጠፋ ይወጣል፤ አየር ሲያገኝ ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይላጣል። ከእነዚህ አንድ ብቻ አለኝ፤ ከፈቃዱ ግልባጭ ጋር የተሰጠኝ የተጨማደደ የመለኪያ ቀለበት ነው። አብራሪው በጃንጥላ ወርዶ እንደተረፈ ባላውቅ ኖሮ አልቀበለውም ነበር። አንዳንድ ሰብሳቢዎች በዚህ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን ሰው የሞተበትን ዕቃ ከቡና ስኒዎቼ አጠገብ ማሳየት አይሆንልኝም።

ስለ ጽዳት የምለው አጭር ነው፤ አታጽዱ። የእንግሊዝ ኮክፒት ግራጫ አረንጓዴ ቀለም፣ በላዩ ላይ የአገልግሎት ዓመታት የጨመሩት ጥቁር፣ በጓንት የተላጠው ጠርዝ፣ ሜካኒክ በመርፌ የጫረው ጭረት ሁሉ ማስረጃ ነው። አንድ ጊዜ ከፋቅነው ዕቃው አዲስ ይመስላል፣ የሚናገረውም ያበቃል።

ባለፈው ወር መደርደሪያውን ስደረድር ለእያንዳንዱ ዕቃ በትንሽ ካርድ ላይ መለያ ጻፍሁለት። የመጀመሪያዋን ጥቁር ሣጥን ሳገኝ አዛውንቱ ሻጭ ትዝ አሉኝ፤ ዕቃውን ከአባታቸው ጋራዥ እንዳገኙት ነግረውኝ ነበር፣ አባታቸውም ምናልባት ስፒትፋየር ብለዋቸው ይሆናል። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «የመለያ መብራት ማብሪያ ሣጥን። የአየር ሚኒስቴር ቁጥር 5ሲ/372። ባክላይት። ከአንድ ቤተሰብ ጋራዥ የተገኘ፤ በሻጩ አባባል ከስፒትፋየር። የተገጠመበት አውሮፕላን፦ አልታወቀም።» የመጨረሻውን ቃል ብቻ በእርሳስ ጻፍሁት።